እማዬ ስትተኛ ልጆቹን ምን እናጫውታቸው?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ የመጠጥ ውሃ አፍልቶ ስለማቆየት ጽፈን ነበር። ቦሌ አራብሳ ባለው ክፍላችን ወረቀቱን አብረን አነበብነው። አንብበን ስንጨርስ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ።

«ልጆቼ፣ ውሃውንስ እናፈላለን» አሉ። «እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። አምና ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ልጆቼ ሲጮሁ ራሴ ይፈነዳል። ዝም ሲሉ ደግሞ ምን ሆኑ ብዬ ልቤ ይሰቀላል። ከበሽታው ይልቅ የጎዳኝ ይኼ ነው። ስለዚህ ነገር አትጽፉም ወይ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እኛም ጥያቄውን ይዘን ሄድን።

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። አንዳችንም ልጅ አልወለድንም። ስለ ልጅ አስተዳደግ እናንተን እንምከር ብንል ያስቅብናል። ነገር ግን ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እህት መሆንን እናውቃለን። እናት ወይም አባት ሲተኙ ታናናሾቻችንን ያጫወትነው እኛው ነን። ስለዚህ ያየነውን እንነግራችኋለን።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ ተነገረ። ሦስት ቀን ቆይቶ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ለበሽተኞች መጀመሪያ የተዘጋጀው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ኋላም ቦሌ ያለው ሚሌኒየም አዳራሽ፣ ያ ባዛርና የሙዚቃ ድግስ የሚደረግበት ትልቅ አዳራሽ፣ አልጋ በአልጋ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ በሽታው የቀለለለት ሰው ቤቱ ውስጥ ተለይቶ እንዲተኛ ተፈቀደ።

ከመካከላችን አንዷ ያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቤታቸው ጎሮ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ያን ሰሞን በጅቡቲ መንገድ ላይ ነበሩ። በክረምቱ እናቷ ታመው ጓዳ ተኙ። ጓዳው በር የለውም፤ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የዘጠኝ፣ የስድስትና የሦስት ዓመት ልጆች አሉ። ጎረቤት ምግብ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል እንጂ አይገባም።

የመጀመሪያውን ቀን «ዝም በሉ፣ እማዬ ታማለች» ስትል ዋለች። መቶ ጊዜ ሳትለው አልቀረችም። ልጆቹ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይጣላሉ። ማታ የስድስት ዓመቱ ልጅ በመጋረጃው ሥር በደረቱ እየተሳበ ሊገባ ሲል ያዘችው። ተቆጣችው። ልጁ አላለቀሰም። ቆይቶ ግን በጆሮዋ፣ «እኔ ነኝ ያሳመምኳት» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ይገዛልኝ ብሎ አልቅሶ ነበር። እናቱ ዳቦ ሊገዙለት በዝናብ ወጡ። በማግስቱ ትኩሳት ያዛቸው። ልጁ ይህን በሆዱ ይዞት ከርሟል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙዎቻችን ልጅ ምን ያውቃል እንላለን። ልጅ ግን ያያል፤ ይሰማል። ያልነገሩትን ነገር ራሱ ይፈጥረዋል። የሚፈጥረውም ከእውነቱ የከፋ ነው። እኔ አጥፍቼ ነው የሚል ልጅ ደግሞ ይህ አንዱ ብቻ አይደለም። በየቤቱ አለ።

እህትየው ሦስቱንም ሰብስባ ነገረቻቸው። «በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይሄዳል። ዝናብ አላመጣውም። ዳቦም አላመጣውም። ማንም ልጅ አላመጣውም። አትግቡ የምንላችሁ እናንተንም እንዳይዛችሁ ነው። አሥራ አራት ቀን እንጠብቃለን።» ነገ ትድናለች ብላ አልማለችላቸውም። የማታውቀውን ነገር አልተናገረችም። ካርቶን ላይ በከሰል አሥራ አራት መስመር አሰመረች። በየማለዳው አንዱን መስመር የሚሰርዘው የስድስት ዓመቱ ልጅ ሆነ። ከመስመሮቹ በላይ 8335 ብላ ጻፈች። ስለ በሽታው በነጻ የሚደወልበት ስልክ ነበር። እኔ ባልኖር እናንተ ትደውላላችሁ ብላ ዘጠኝ ዓመት ለሞላት ታናሿ አሳየቻት።

ጨዋታው የመጣው ከሁለተኛው ቀን በኋላ ነው። ያመጣችውም እሷ አይደለችም፤ በሽተኛዋ ናቸው። ልጁ መጋረጃው አጠገብ ተቀምጦ ሲቆዝም ድምፁን ሰሙና ከውስጥ፣ «እስቲ እንቆቅልሽ ጠይቀኝ» አሉት። ይህን ጨዋታ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጁ ግን የሚያውቀው አልቆበት ነበርና ከራሱ አወጣ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ?»

«ክንፍ አላት፣ ላባ የላት። ሰው ትውጣለች፣ ሳታላምጥ ትተፋለች።»

ጎሮ የሚኖር ሰው ይህን አያጣውም። አውሮፕላኑ ቤታቸው ላይ ነው የሚያልፈው። እናትየው ግን፣ «ኧረ አላወቅሁትም» አሉ።

«አገር ስጪኝ!»

«ጎንደርን ሰጠሁህ።»

«ጎንደር ሩቅ ነው። ቦሌን ስጪኝ።»

እናትየው ሳቁ፤ ሳቁና ሳሉ። ሳሉ ሲያባራ፣ «በል ቦሌን ሰጠሁህ፣ ከነአውሮፕላኑ» አሉት። ከዚያ ወዲያ በመጋረጃው ሥር የተሳበ ልጅ የለም። እናቱን ለማግኘት መግባት አላስፈለገውማ። በድምፅ አገኛቸው።

ስለዚህ እኛ የምንለው እንዲህ ነው። ልጆቹን ከበሽተኛው አርቆ ማጫወት አንድ ነገር ነው። በሽተኛውን ጨዋታው ውስጥ ማስገባት ግን ይበልጣል። እንቆቅልሽ ጉልበት አይጠይቅም። አልጋ ላይ ሆኖ፣ ዓይን ጨፍኖ ይቻላል። ድምፅ ሲደክም ደግሞ እንዲህ አደረጉ፦ እናትየው ብርጭቆውን በማንኪያ አንድ ጊዜ ከመቱ «አውቄዋለሁ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከመቱ «አገር ሰጥቻለሁ» ነው። ሦስት ጊዜ ከመቱ «ልተኛ ነው፣ በቃችሁ» ነው። ሦስተኛውን ልጆቹ ያከብሩት ነበር። ሕግ ነዋ! «ዝም በሉ» ቁጣ ነው፤ የጨዋታ ሕግ ግን ቁጣ አይደለም።

ማታ ማታ ተረት አለ። አባባ ተስፋዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። አገር ሙሉ ልጅ ፊታቸው ተቀምጦ ያዳመጣቸው በወሬያቸው ጣዕም ነው እንጂ በዕቃ ብዛት አልነበረም።

ቀን ደግሞ አውሮፕላን መቁጠር ሆነ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ባለፈ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ጭረት ያደርጋሉ። በጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ካለው የእኛ አየር መንገድ ነው፤ በአንድ ረድፍ ይጻፋል። ሌላው በሌላ ረድፍ። ያን ዓመት መንገደኛ ስለቀነሰ አየር መንገዱ የአንዳንዱን አውሮፕላን ወንበር ነቅሎ ዕቃ ይጭንበት ነበር። ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከቦሌ እያስነሣ ለአፍሪካ አገሮች የሕክምና ዕቃ ያደርስ ነበር። ልጁ፣ «ይቺ ለእማዬ መድኃኒት ይዛ ነው?» ሲል ጠየቀ። እህቱም፣ «ለሐኪሞቹ ጓንትና ጭንብል ይዛ ይሆናል» አለችው። ይህም እውነት ነው።

ገበጣም ተጫውተዋል። ከተማ ውስጥ የገበጣ እንጨት ከየት ይመጣል? የእንቁላል ካርቶን አለ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን በአንድ ረድፍ ስድስት ጉድጓድ አለው። ሁለት ረድፍ ቆርጦ ማውጣት ነው። 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ፣ በጠቅላላው 48። እናንተ መሬት ላይ ጉድጓድ ብታወጡም ያው ነው። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የታሪክ ሰው በ1960ዎቹ የገበጣን ዓይነቶች ቢሰበስቡ ከመቶ በላይ አገኙ። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ መጥቶ «እንዲህ አይደለም» ቢል አትከራከሩ። በየራሳችሁ ሕግ ተጫወቱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሽምብራና ባቄላ ለሦስት ዓመት ልጅ መጫወቻ አይደለም። ወደ አፉ ይከተዋል፤ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ለሕፃኑ ክዳንና ጎድጓዳ ሳህን ስጡት። ይክፈት፣ ይግጠም። ቢያንኳኳም ቻሉት። መድኃኒት ከእጁ ይራቅ። ደግሞ ቤቱ በረደ ተብሎ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ አይገባም። ከሰል ዓይን የማያየው፣ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የሚያስለው ሰው ያለበት ቤት ደግሞ መስኮቱ ይከፈት።

በሽታው በትንፋሽ ወይም በእጅ የማይተላለፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ እግር ተሰብሮ ከሆነ፣ እናንተ አንባቢዎቻችን አንድ ጨዋታ አላችሁ። በብጣሽ ወረቀት ላይ «ማንኪያ» ብላችሁ ጻፉ። ልጁ አንብቦ ያምጣ። ቀጥሎ «ቀይ ነገር» ብላችሁ ጻፉ። ይፈልግ። የክፍላችን አንድ አባት ወገባቸውን አሟቸው በተኙ ጊዜ ይህን ሞከሩት። «ሰንጠረዥ» ብለው ጽፈው ልጃቸው ሲስቅባቸው፣ ለካ «ሠንጠረዥ» ነው የሚጻፈው ብሎ ነው። አባትና ልጅ ሲከራከሩ ዋሉ። እኛም ተጠይቀን፣ ሁለቱንም የሚጽፍ አለ ብለን አስታረቅናቸው።

ስለ ታላቅ እህት ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። በየቤታችን እናት ስትተኛ ሴቷ ልጅ እናት ትሆናለች። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ይህቺ ጓደኛችን ያን ጊዜ 16 ዓመቷ ነበር። ስለዚያ ክረምት ስታወራ ሌላውን ሁሉ እየሳቀች ነው። አንድ ነገር ላይ ስትደርስ ግን ዝም ትላለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ ልጆቹ ሲተኙ እናቷ ከጓዳ፣ «አሁን ደግሞ አንቺ ጠይቂኝ» አሏት። የምትጠይቀው እንቆቅልሽ አጣች። ተቀምጣ አለቀሰች። እናቷም ከመጋረጃው ወዲያ ዝም ብለው አዳመጧት። እሷንም ማንም ሰው «ልጅ ናት» ሳይላት አሥራ አንድ ቀን ሆኗት ነበር።

ዛሬ እንደ ያን ጊዜ ሰው ከሰው አይርቅም። ታማሚ ልንጠይቅ ብርቱካንና ሙዝ ይዘን እንሄዳለን፤ ቤት ሞልተን እንቀመጣለን። ደግ ነው። ነገር ግን ስንሄድ ታላቂቱን ልጅ፣ «ሂጂ ተጫወቺ፣ እኔ እጋግራለሁ» ብንላትስ? ትንንሾቹን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታችን ብንወስዳቸውስ? እኛ ከብርቱካኑ ይህ ይሻላል ባዮች ነን። ብርቱካኑን ሁልጊዜም የሚበላው ጠያቂው ነው አይደል?

እናትየው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ከጓዳ ወጡ። ልጁ የተሰረዘውን ካርቶን አሳያቸው። አሁን አድጓል፤ ድምፁም ጎርንኗል። ቦሌን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰም። ጎሮ ሄደን ቡና ስንጠጣ አውሮፕላን ካለፈ፣ ቀና ብሎ «የእኔ ናት» ይላል።

እናንተም በቤታችሁ ልጆቻችሁ የፈጠሩት እንቆቅልሽ ካለ በእጃችሁ ጻፉና ለአስተማሪያችሁ ስጡ። በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣዋለን። መልሱን ከወረቀቱ ጀርባ ጻፉት።