ጋሼ፣ ቪኤይቱ ይቅርብህ!

እኔን ያስተማረኝ ታክሲ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! ጋሼ (የእናቴ ታናሽ ወንድም) ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 14 ዓመት ታክሲ ነድቷል። የኔ የጋዜጠኝነት ትምህርት፣ የወንድሜ ላፕቶፕ፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት… ሁሉም የወጣው ከቶዮታ ፕሪየስ ሆድ ነው። ጋሼ ከመኪናዋ ጋር የተነሳው ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ከአያቴ ፎቶ ጎን ነው የተሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ሁለቱንም ታስተዋውቃለች።

ዘንድሮ ጋሼ ጠቅልሎ ገባ። ገና የሻንጣው አቧራ ሳይራገፍ የመኪና ወሬ ተጀመረ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝና ፕሪየስን የሚመስል ነገር የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቪኤይት!»

«14 ዓመት ሙሉ መሬት ለመሬት ስሄድ ኖሬያለሁ። አሁንስ ከፍ ብዬ ልቀመጥ!» አለ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

እኔ ግን ተቃወምኩ። እስካሁንም እየተቃወምኩ ነው። ምክንያቴን ለጋሼ ስነግረው እየሳቀ ስለሚያቋርጠኝ ለእናንተ ልናገረው።

በመጀመሪያ ስለ ፕሪየስ። ከሩቅ ስታዩት ተራ የቤት መኪና ነው። የኋላ በሩ ግን ከነመስታወቱ ብድግ ይላል። ሊፍትባክ የሚሉት ይኼንን ነው። ከውጭ ትንሽ፣ ከውስጥ ጓዳ! የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚመጣ የኢኮኖሚ መንገደኛ ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል አይደል? ጋሼ ባልና ሚስቱን ከነአራት ሻንጣቸው፣ ከነእጅ ቦርሳቸው ወደ ደለስ አየር ማረፊያ የሚወስደው የኋላውን ወንበር ከፊሉን አጥፎ ነበር። ሚስት ከኋላ፣ ባል ጋቢና፣ ሻንጣ ቀሪውን ቦታ። «አንድም ቀን ቦታ አነሰኝ ብዬ ሰው መልሼ አላውቅም» የሚለው ራሱ ነው። (ጋሼ፣ የራስህን ቃል ነው የጠቀስኩት!)

ነዳጁን ደግሞ እዩት። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ፣ ማለትም ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ያለው ሞዴል፣ ከተማና አውራ ጎዳና ተደባልቆ በአንድ ሊትር ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እዚያው አሜሪካ ይሸጥ የነበረው ባለ 5.7 ሊትር ቤንዚን ላንድክሩዘር 200 በዚሁ መለኪያ 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ! የኔን ትምህርት የከፈለው እንግዲህ ይኼ ልዩነት ነው። ጋሼ ያን ጊዜ በላንድክሩዘር ታክሲ ቢሠራ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው።

የኛ አገር ቪኤይት ያው ላንድክሩዘር 200 ነው፤ ስሙን ያወጣለት ስምንት ሲሊንደሩ ነው። ናፍታው 4.5 ሊትር ሞተር አለው። ርዝመቱ አምስት ሜትር ሊሞላ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው የቀረው። ክብደቱ ከሁለት ተኩል ቶን በላይ። ምርቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ በዚያ ላይ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ጋሼ የሚገዛው እዚሁ አገር ውስጥ ሲነዳ የከረመ ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፣ እናቴ ጽሑፎቼን ታነባለች።

ታዲያ እኔ ያጨሁለት ማንን ነው? ቢዋይዲ ዶልፊንን። ኤሌክትሪክ ነው። የኋላ በሩ እንደ ፕሪየስ ከነመስታወቱ ይነሳል። ቁመናው አጭር ቢሆንም በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 2 ሜትር ከ70 አለ፤ ሞተርና ማርሽ የሚበላው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እግሩን እንደልቡ ይዘረጋል። ከቤታችን የሚሳፈረው አራት ሰው ነው። እሱ አምስት ይይዛል። አለቀ!

አሁን ወደ እውነቱ እንምጣ። ጋሼ ቪኤይት የፈለገው ለቦታው አይደለም። ለበሩ ነው። የትኛው በር? የሆቴሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ፣ የሠርግ አዳራሹ በር! ባለፈው ሳምንት ጓደኛው ቪኤይቱን ለሁለት ቀን አውሶት ነበርና አብረን ወጣን። ለሥራ ስሄድ በራይድ ታክሲ የምገባበት አንድ ሆቴል አለ። ዘበኛው ቦርሳዬን ከፍቶ፣ ሊፕስቲኬን ሳይቀር አገላብጦ ነው የሚያስገባኝ። ያን ቀን በቪኤይት ስንደርስ ሰውየው ገና ከሩቅ በሩን ከፍቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆመ። እኔ ያቺው ነኝ፣ ቦርሳዬም ያው ነው!

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። አገጬ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። ለዚህም ነው ጋሼን የማልፈርድበት። ሰው 14 ዓመት «ወዴት ልውሰድዎት?» ሲል ኖሮ አንድ ቀን «እንኳን ደህና መጡ» መባል ቢያምረው ምን ይገርማል? ግን ጋሼ፣ ዘበኛው እኮ ሰላም ያለው መኪናውን ነው። ለጓደኛህ ስትመልስለት ሰላምታውም አብሮ ሄደ።

«መንገዱስ?» ይላል ጋሼ። ይኼ ጥያቄ ትክክል ነው፣ አላጣጥለውም። የአያቴ አገር ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ዶልፊን አይደለም ጋሪም ይሄድበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ያውም ጎማ የሚውጥ ጭቃ። እዚያ ላይ ቪኤይት ንጉሥ ነው። ሥራው ገጠር የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የመስክ ሐኪም፣ ከፍ ያለና በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ያስፈልገዋል። እኛስ? ለገና፣ ለፋሲካ፣ አንዳንዴ ለተዝካር። በዓመት ስድስት ቀን እንበል። ለስድስት ቀን ጭቃ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ተኩል ቶን እየጎተቱ ከቦሌ ሜክሲኮ መመላለስ ምን የሚሉት ነው? መኪናውን ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አቁመን የቀረውን እንደ አገሬው እንሂደው፤ አያቴ 80 ዓመት በእግሯ ሄዳዋለች።

(በነገራችን ላይ «ኤሌክትሪክም ሆኖ ከፍ ያለ አለ» ብላችሁ አይዲ ሲክስን ለምታስቡ፦ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር ነው፣ ያምራል። ግን ከፍ አለ ማለት ጭቃ ይወጣል ማለት አይደለም። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ከሞዴሎቹ ውዱ ነው፤ ሌሎቹ የሚነዱት በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ስትገዙ ጠይቁ።)

ደግሞ እናቴ አለች። ጉልበቷን ያማታል። ቪኤይቱ ላይ ለመውጣት አንድ እጇን ለኔ፣ አንድ እጇን ለበሩ ሰጥታ፣ ሦስቱንም ሥላሴ ጠርታ ነው። ለመውረድ ደግሞ እንደገና። ጤፍ ስንገዛስ? ኩንታሉን እስከ ደረቴ አንስቶ የሚጭን ሰው ይፈለጋል። የኋላ በሩ ዝቅ ያለ መኪና ላይ ጠርዙን አስደግፎ መግፋት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የኪስና የጉልበት ነገር ነው፤ ጋሼ የራሱን ገንዘብ በፈለገው ቢያወጣ ማን ይከለክለዋል? ዝም ማለት ያቃተኝ ቀጥሎ ባለው ምክንያት ነው።

በተዋስነው ቪኤይት በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ ልንወጣ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጆች ግቢውን ሞልተውታል። ጋሼ ሞተሩን አስነሳ፣ ስፖኪዮውን አየ፣ እኔም ጋቢና ሆኜ ፊት ለፊት አየሁ። ማንም የለም። መኪናው ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ የግቢው ጥበቃ እየሮጠ መጥቶ ኮፈኑን በሁለት እጁ ደበደበው፤ «ቁም! ቁም!»

ጋሼ ፍሬን ያዘ። ወርደን ስናይ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከመኪናው ፊት ቁጢጥ ብሎ ብይ እየፈለገ ነው። ቀና ብሎ አየንና «ብዬ ከሥር ገባች» አለን። ምንም አልመሰለውም። ጋሼ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ መሬት ላይ ተቀመጠ። 14 ዓመት ሰው ሳይጭር የነዳ ሹፌር ነው እኮ! ሁለታችንም ዓይናችን ጤነኛ ነው፣ ሁለታችንም ፊት ለፊት አይተናል። ልጁን የሸፈነው ኮፈኑ ነው።

«በትንሽ መኪናም ሊሆን ይችላል» ትሉኝ ይሆናል። ይችላል። ግን እኩል አይደለም። በአሜሪካ ኢንሹራንሶች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የእግረኛ አደጋዎችን አጥንቶ ነበር። ኮፈናቸው ከመሬት ከአንድ ሜትር ትንሽ በላይ የሆኑ መኪኖች፣ ኮፈናቸው 76 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሆኖ ፊታቸው ዘንበል ካለው ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ዝቅ ያለው እግር ይመታል፤ ከፍ ያለው ደረት። ልጅ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላት። አዲስ አበባ ደግሞ አብዛኛው ሰው እግረኛ ነው። እኔም ነኝ። ጋሼ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ከታች የምቀረው እኔና የብዩ ልጅ ነን።

ያን ቀን ማታ ጋሼ መኪናውን ለጓደኛው መልሶ በሚኒባስ ነው የመጣው። እራት ላይ ስለ መኪና አላወራም። እናቴም አልጠየቀችውም። ትናንት ግን ቢሮ ሳለሁ ደወለልኝ።

«ሚጣ፣ ያ ዶልፊን ያልሽው… የኋላ ወንበሩ ይታጠፋል?»

«ይታጠፋል» አልኩት።

«እንደ ፕሪየሷ?»

«ቅዳሜ ሄደን እንየዋ!»

«እሺ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ቀዩ ግን አይሁን። ታክሲ ይመስላል።»