ከመቃብር የወጣውን ሰው ማን ይፍታው?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ጌታ አልዓዛርን በቃሉ ብቻ ከመቃብር አወጣው። እጅና እግሩ የታሰረበትን መግነዝ የመፍታቱን ሥራ ግን በአጠገቡ ለቆሙት ሰዎች ሰጠ። ስለ ሱስ የሚሰበከው ብዙው ስብከት ይህን ሁለተኛውን ክፍል ይዘለዋል። «ተጸልዮልሃል፤ ነፃ ወጥተሃል፤ ሂድ» ተብሎ የተሸኘ ወንድም በሳምንቱ አረቄ ቤት ሲገኝ «ድሮም እምነት የለውም» ይባላል። ይህን ትምህርት አጥብቀን እንቃወማለን።

እግዚአብሔር በአንድ ጸሎት ከሱስ ሊፈታ እንደሚችል እናምናለን። በአንድ ጸሎት ያልተፈታ ሰው ሁሉ ሐሰተኛ ነው የሚለውን ግን ከቃሉ አላገኘነውም። ምሳሌ 24፥16 ጻድቅም ደጋግሞ እንደሚወድቅና እንደሚነሣ ይነግረናል።

አንኮበርን እናስብ። ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አረቄው ለሐዘንም ለደስታም ይቀርባል። «ለብርዱ ነው» የማይል ጠጪ የለም። ይህ ግን እውነት አይደለም። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የሞቀን ይመስለናል፤ ሰውነት ግን ሙቀቱን ወደ ውጭ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል። ሰክሮ ሜዳ ያደረን ሰው ብርድ ቶሎ የሚገድለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መግነዙ እንዴት ይፈታ?

1. ለአንድ ሰው መናዘዝ (ያዕቆብ 5፥16)። ለጉባኤው ሁሉ መናገር አያስፈልግም፤ ምሥጢር ለሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ወይም ጓደኛ ይበቃል።

2. ወደ ሐኪም መሄድ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ሲብስም ያንዘፈዝፈዋል፣ ያቃዠዋል፤ ሊሞትም ይችላል። ይህን አይቶ «ጋኔኑ ሊወጣ ነው» እያሉ ቤት ውስጥ ማቆየት በነፍስ መጫወት ነው። ጸሎቱ ሳይቋረጥ ሰውዬው ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይድረስ። የጳውሎስ ባልንጀራ ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቆላስይስ 4፥14)።

3. መንገድንና ገንዘብን መጠበቅ። ፈተናው የሚከብደው በገበያ ቀን፣ እህል ተሸጦ ብር እጅ ሲገባ ነው። ብሩን ባለቤቱ ትያዝ፤ ወደ ቤት ሲመለስም አንድ ወንድም አብሮት ይሂድ፤ በአረቄ ቤቱ በኩልም አይለፉ።

4. ምሽቱን መሙላት። ጌታ ተጠርጎ ባዶ ስለ ቀረው ቤት የተናገረውን (ማቴዎስ 12፥43-45) አንርሳ። ይጠጣበት በነበረው ሰዓት ትኩስ አጥሚት ያለበት የቤት ኅብረት ይጠብቀው።

5. ቢወድቅ በዚያው ሌሊት መናገር። «አንዴ ከወደቅሁ» የሚለው ተስፋ መቁረጥ ከአንዱ መለኪያ የበለጠ ይጎዳል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ጠጪውን ከጌታ እራት የሚያግድ ጉባኤ፣ አረቄ እያወጣች ልጆቿን የምታሳድገውን እህት ምን ይላታል? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ለእርሷ ግን ሌላ እንጀራ አልሰጣትም። ኤፌሶን 4፥28 የሰረቀ አይስረቅ ብሎ አያበቃም፤ በገዛ እጁ ይሥራ ይላል። ስለዚህ «ተዪ» የሚላት ጉባኤ የምታረባው በግ፣ ወይም ለመነሻ የሚሆናት የቁጠባ ማኅበር ይዞላት ይምጣ። ባዶ እጁን መጥቶ የሚገሥጻት ልጆቿን እንድታስርብ እየጠየቃት ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በሱስ ታስራችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መዘግየታችሁ የመጣል ምልክት አይደለም። ዛሬ ለአንድ ሰው ተናገሩ። በአጠገባቸው የቆማችሁም እጃችሁን ከመግነዙ ላይ አታንሡ። ሙታንን የሚያስነሣ ጌታ በሁላችንም ይሥራ። አሜን።