ይድረስ ለማይክል ጄ. ፎክስ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ደብዳቤ በዚህ ሰላምታ መጀመር የአገሬ ወግ ነው፤ ለእርስዎ ሲሆን ግን ከልብ የምጠይቀው ነገር ነው።

አባቴ ለረጅም ዓመታት የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበሩ። ሕመማቸው መጀመሪያ የታየው መዝገቡ ላይ ነው። ያ የሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ከወር ወር እየጠበበ ሄዶ፣ መስመሩ ማለቂያ ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክል ጀመር። “መነጽር ይቀይሩ” አልናቸው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱ “እርጅና ነው” አለ፤ የመረመራቸው ባለሙያም ይህንኑ ደግሞ ቫይታሚን አዝዞ ሸኛቸው። ፓርኪንሰን የሚለውን ስም የሰማነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ ሁሉ በፊት የሆነ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናቴ ቡና እየቆላች፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት፣ አባቴ “ዛሬ ቡና የለም እንዴ?” አሉ። ሳቅንባቸው። ማሽተት አለመቻል ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል ማን ነግሮን!

እርስዎ በ1991 (ዓመቶቹን በእናንተ አቆጣጠር ልጻፍልዎ) በ29 ዓመትዎ ይኸው ሕመም እንዳለብዎ ተነግሮዎት፣ ሰባት ዓመት ደብቀው፣ በ1998 ለሕዝብ ተናገሩ። ድፍረትዎን ብዙዎች አመስግነዋል። እኔ የማመሰግነው በ2000 ያቋቋሙትን ፋውንዴሽን፣ በተለይ ደግሞ የገንዘብ አያያዙን ነው። የተሰበሰበው ባንክ ተቀምጦ ወለድ አይጠብቅም፤ ወደ ምርምር ይሄዳል። እስካሁን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል።

የአባቴ መድኃኒት ሌቮዶፓ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ዶፓሚን ይተካል፤ ለጥቂት ሰዓታት እጃቸው ይታዘዝላቸዋል። ዶፓሚን የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች እንዳይሞቱ ግን አያደርግም። ለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ብዙ ሰዎችን፣ ገና ያልታመሙትንም ጭምር፣ ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። ትርፍ የሚቆጥር ነጋዴ ለዚህ ገንዘቡን በቀላሉ አያወጣም። እርስዎ አወጡ። በ2010 ያስጀመሩት ጥናት በ2023 ፍሬ ሰጠ፦ ከ1,123 ሰዎች የተወሰደ የአከርካሪ ፈሳሽ ተመርምሮ፣ አልፋ ሳይኑክሊን የሚባለው ፕሮቲን መበላሸቱ ከመቶ ሕሙማን በ88ቱ ገደማ ታየ። ሕመሙ ሳይነገራቸው ማሽተት ብቻ ካቃታቸው ሰዎችም በአንዳንዶቹ ላይ ተገኘ። ይህን ሳነብ ያ የቡና ጭስ ትዝ አለኝ። ጀርባቸውን ለመርፌ የሰጡትን ሰዎችም አብረው ያመስግኑልኝ።

በዚያው ዓመት ፋውንዴሽንዎ የደገፈው ሌላ ጥናት፣ የሌጎስ ዩኒቨርሲቲዋ ንጂዴካ ኦኩባዴጆ የተሳተፉበት፣ ጂቢኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ በአውሮፓውያን እምብዛም የማይታይ፣ በአፍሪካውያን ግን ለሕመሙ የሚያጋልጥ ለውጥ አገኘ። የፈረንጅ ደም ብቻ ሲመረመር ቢኖር ኖሮ ይህ ተሰውሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን ከልመና ጋር ነው የምልከው፦ ከሌጎስ አልፋችሁ ወደ እኛም ኑ፤ የእኛም ደም ይመርመር።

ደብዳቤውን ለአባቴ ሳነብላቸው “እኔም ልፈርም” አሉና እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ። ከታች በስተቀኝ ያለችው ትንሿ ፊርማ የእሳቸው ናት።