ነጻ ውርወራ ካሳ ነው፤ ሊታወክ አይገባም



ስለ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ የጻፍኩት ይህ አጭር አሳብ በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ለጊዜው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ልጆቻችን ሕግ ማለት ምን እንደሆነ ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ የጨዋታ ሜዳ ስለሆነ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ሕግን የሚያስፈጽሙ አንባቢያን ቸል ይሉታል ብዬ አላስብም።

እኔ በሐረር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከጁገል ግንብ ውስጥም ሆነ ከሸዋ በር ውጭ ካለው ከተማ የሚመጡት ተማሪዎቻችን ቅርጫት ኳስን ይወዳሉ። ትምህርት ቤቶች በሚጋጠሙበት ቀን ሜዳው ዙሪያውን በሰው ይከበባል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ደስ የማያሰኘው አንድ ተጫዋች ነጻ ውርወራ ሊወረውር በቆመ ጊዜ የሚደረግበት ነገር ነው።

ነጻ ውርወራ ማለት ባላጋራው ያለ አግባብ ለበደለው ተጫዋች የሚሰጥ ካሳ ነው። ተጫዋቹ ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ይታየዋል፤ ዳኛው ኳሱን ካስረከበውም በኋላ በ5 ሴኮንድ ውስጥ መወርወር አለበት። በዚህ ጊዜ ማንም ፊቱ ቆሞ እንዳይከላከልበት ተደንግጓል። እንግዲህ በእጁ መከላከል የተከለከለ ሰው በአፉና በምልክት ቢከላከል፥ አንዱን በደል ሁለት ማድረጉ ነው።

በእኛ ሜዳ የማየው ግን ይህ ነው። በመስመሩ ዳር የተሰለፉት ባላጋራዎች እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ኳሱ ከእጅ ሊወጣ ሲል መሬቱን በእግራቸው ይደበድባሉ። ከቀለበቱ በስተጀርባ የቆሙት ተመልካቾች ሹራብ ያራግባሉ፤ አንዳንዱም በመስተዋት የፀሐይ ጨረር ዓይኑ ላይ ያበራበታል። ከሁሉም የከፋው ስድቡ ነው። ከተማችን ሐረሪኛ፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ናት፤ ይህ መልካም ጸጋ በዚያች 5 ሴኮንድ ውስጥ የስድብ መሣሪያ ይሆናል። ባለፈው ዓመት በአንድ ግጥሚያ ላይ አነጋገሩን እያስመሰሉና የአባቱን ሥራ እየጠሩ ሲዘባበቱበት የቆየ ልጅ ሁለቱንም ውርወራ ሳተ። ከጨዋታው በኋላ ስለ መሸነፉ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከእንግዲህ ወደ ሜዳ እንደማይገባ ብቻ ነገረኝ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ዳኛውን ስለምን ዝም እንዳለ ብጠይቀው፥ «ሕጉ ስለ ጫጫታ አይናገርም» ሲል መለሰልኝ።

ሕጉ ግን ይናገራል። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ባላጋራዎች ወርዋሪውን በአድራጎታቸው እንዳያውኩ በግልጽ ይከለክላል። እያወኩትም ኳሱ ቢገባ ነጥቡ ይጸናል፤ ቢስት ግን ምትክ ውርወራ ይሰጠዋል። እጅን ወደ ባላጋራ ዓይን አስጠግቶ ማወዛወዝ ወይም ባላጋራን በነገር መተንኮስ ቴክኒካል ፋውል ነው፤ ቅጣቱም 1 ነጻ ውርወራ ሲሆን፥ 2 ጊዜ በዚሁ የተቀጣ ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። በተመልካች ላይ ዳኛው ፋውል ሊቆጥር አይችልም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሁኔታው ሲያስገድድ ጨዋታውን የማቆም ሥልጣን ለዋናው ዳኛ ተሰጥቶታል።

አንዳንዶች፥ «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ በገና ዕለት ጌታ እንኳ ቢሰደብ አይቆጣም ነበር» ይሉኛል። ልማዱን አልነቅፍም። ነገር ግን በገና ጨዋታ ሁለቱም ወገን ይሮጣል፥ ሁለቱም ይሳደባል። ነጻ ውርወራ ይልቅ ችሎትን ይመስላል፤ ተበዳዩ ቃሉን ሲሰጥ ሌላው ዝም ይላል።

ሌሎች ደግሞ አሜሪካንን ይጠቅሱልኛል። በእርግጥ በዚያ አገር ተመልካቹ በመስተዋቱ ሰሌዳ በስተጀርባ ልዩ ልዩ ነገር ያውለበልባል፤ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መጋረጃ እየከፈቱ አስቂኝ ትርኢት አሳይተዋል። ትርኢት ሌላ ነው፥ ስድብ ሌላ ነው። ከዚህም በላይ ሞስኮዊትዝና ወርትሃይም የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ የእንግዳውም የባለሜዳውም ቡድን ነጻ ውርወራ ከ100 ወደ 76 ያህሉ እንደሚገባ ገልጸዋል። በእነርሱ አሳብ የሕዝብ ጩኸት ይበልጥ የሚያዛባው የዳኛውን ፍርድ ነው። እንግዲህ ጩኸቱ የለመደውን ባለሙያ ካላናወጠ፥ ጥቅሙ ምንድን ነው? ያልለመደውን ልጅ ማሳፈርና ዳኛውን ማስፈራራት ብቻ ይቀራል።

እግር ኳስም ቢሆን ግብ ጠባቂ ምቱን በማዘግየት ወይም የግቡን ቋሚ በመነካካት ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታውን እንዳያውክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጉን በግልጽ አጥብቋል።

የቅርጫት ኳስ የራሱ ታሪክም ምስክር ነው። መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲጀምር ቅርጫቶቹን የሰቀለው በሰገነት ላይ ነበር። በሰገነቱ የተቀመጡ ተመልካቾችም ኳሱን በእጃቸው ይመልሱ ጀመር። ስለዚህ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከቅርጫቱ በስተጀርባ ሰሌዳ እንዲቆም ተደረገ። ዛሬ በየሜዳችን የቆመው ሰሌዳ መነሻው የተመልካችን እጅ ለመከልከል ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ያንኑ ሰሌዳ የተሳዳቢ መሸሸጊያ አድርገነዋል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሹማምንት የሚከተለውን እንዲያስቡበት አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ከቀለበቱ በስተጀርባ ማንም እንዳይቆም ገመድ ይዘርጋ፤ ወጪው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፥ ደንቡ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች ተጽፎ ለዳኞችና ለአሠልጣኞች ይታደል። ሦስተኛ፥ እኛ መምህራን በክብር ወንበር መቀመጡን ትተን ከተማሪዎቻችን መካከል እንቀመጥ። አራተኛ፥ ዘር ወይም ወላጅ ጠርቶ የሚሰድብ ሲገኝ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ጨዋታውን ያቁም፤ ሜዳው ጸጥ እስኪል ድረስም ኳሱን አያስረክብ።

ጩኸት ፍርድን ሲያስለውጥ ያየ ተማሪ፥ ነገ በጽሕፈት ቤት ሲቀመጥ የዝምተኛውን ባለጉዳይ ፋይል ከሥር አድርጎ የጯሂውን ያስቀድማል። ሥራ ቤት የሚውል አንባቢ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

አክባሪዎ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከሐረር