ጉዞው በደካማው ልክ

ፈተና አልቆ የዕረፍት ወራት ሲቃረብ በኮልፌ 18 ማዞሪያ ሻይ ቤቶች ከሚሰማው ጨዋታ አንዱ የጉዞ ጨዋታ ነው። «ድንኳን ይዘን ወደ ባሌ ተራሮች እንውጣ፤ ቀይ ቀበሮን በዓይናችን እንይ» ይባላል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። አገሩን በእግሩ ረግጦ የሚያውቅ ወጣት ለአገሩ የሚያስብ ሰው ይሆናልና። ዳሩ ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ የተወሰነ ጉዞ በሁለተኛው ሌሊት ብርድ ይፈታል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለ ዕቅዱ ጥቂት እንነጋገር።

ተጓዦቹ አምስት ባልንጀሮች ናቸው እንበል። ሁለቱ ተማሪዎች፣ ሁለቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኞች፣ አንዱ አስተማሪ ነው። አንዱ ኳስ ተጫዋች ሲሆን ሌላው ቀኑን ሙሉ ከወንበር የማይነሣ ነው። ዕቅዱን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ጉልበተኛውና ድምፁ ከፍ ያለው ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቡድን የሚፈጥነው የኋለኛው ሰው እግር የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ዕቅዱ በትንፋሽም፣ በኪስም፣ በሸክምም በደካማው ልክ ይሰፋ።

አስቀድመን ስለ ትንፋሽ እንናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ 3,100 ሜትር፣ የሳነቴ አምባ ደግሞ 4,000 ሜትር ያህል ነው። በሳነቴ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው። ሰውየው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ታች መውረድ አለበት። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታው ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር ይበልጥ እንዳይጨምር ነው። ይህ በሽታ ኳስ ተጫዋቹንም አይምርም፤ ደካማው ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው ከላይ ከወጡ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ አምስት ቀን ይበቃል። በአንደኛው ቀን 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ዲንሾ ማደር፤ በሁለተኛው ቀን እዚያው ውሎ በጋይሳይ መስክ የደጋ አጋዘን እያዩ ሳንባን ማለማመድ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ዌብ ሸለቆ ወጥቶ ድንኳን መትከል፤ በአራተኛው መመለስ፤ አምስተኛውን ለመንገድ መተው ነው። ሠራተኞቹ ከዓመት ፈቃዳቸው አንድ ትርፍ ቀን ይጨምሩ፤ መኪና ይበላሻልና። ሳነቴ ላይ ማደር ለሁለተኛው ጉዞ ይቆይ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ደጋ ለመስፈር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ፊንጫ ሀበራ በተባለው የድንጋይ ጥግ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይሰፍሩ እንደ ነበር በ2011 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ቦታው 3,469 ሜትር ከፍታ አለው። ምግባቸው በዚያ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ እየጠበሱ ይበሉት ነበር። እነርሱም ውሃና ምግብ የት እንደሚገኝ ሳያውቁ አልወጡም።

የእኛ ስንቅ ግን ከቤት ይሂድ። በ4,000 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስሉም፤ ነዳጅ ይጨርሳሉ። የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ ይሻላል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውሃ ይታሰብ፤ የምንጭ ውሃም ይፈላ። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳልና ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲና ጋቢ ያስፈልጋሉ። ሸክሙ ከተሸካሚው ክብደት ሩብ አይለፍ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 15 ኪሎ መጨረሻው ነው። የቀረውን በዲንሾ ፈረስ መከራየት ይቻላል።

ስለ ኪስም እንናገር። ሰው ድካሙን ይናገራል፤ የገንዘቡን ማነስ ግን ይደብቃል። ስለዚህ አንድ ታማኝ ገንዘብ ያዥ ይመረጥና እያንዳንዱ የሚችለውን ለብቻው ይንገረው። ገንዘብ ያዡም የማንንም ስም ሳያነሣ ትንሹን ቁጥር ይያዝ፤ የመኪናው፣ የፓርኩ መግቢያ፣ የመሪው፣ የፈረሱና የስንቁ ወጪ በዚያ ልክ ይደልደል። ካልበቃ ቀኑ ይጠር ወይም ጉዞው ለከርሞ ይተላለፍ። ተበድሮ ሽርሽር የወጣ ሰው ቀበሮውን ሳይሆን ዕዳውን ሲያይ ይከርማል።

ወደ ባሌ ከመውጣት በፊት በቅርብ ቦታ ራስን መፈተን ብልህነት ነው። ከኮልፌ በስተ ምዕራብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ በግርጌው ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጥድ ደግሞ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደ ተተከለ ይነገራል። ሸክምን ተሸክሞ አንድ ቀን እዚያ መዋል የትኛው ጫማ እንደሚልጥና ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር ያሳያል። ሆኖም ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ ቦታ ግጭት ስለ ነበረ፣ ወደ መናገሻም፣ ወደ ባሌም፣ ወደ ስሜንም ለመሄድ የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት መጠየቅ የግድ ነው።

በፓርኩ ውስጥ እኛም እንግዶች ነን። በዓለም ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻ አይወሰድ፤ ውሻ የሚስብ ፍርፋሪም አይጣል። አስታው በበጋ እንደ ክብሪት ነው፤ በ1992 ዓ.ም. በባሌ፣ በ2011 ዓ.ም. በስሜን የተነሣውን ሰደድ እሳት ለማጥፋት የውጭ አገር እርዳታ እስከ መጠየቅ ተደርሷል። በእንጨት እሳት ፈንታ ቡታጋዝ ይበቃል።

በመጨረሻ ሁለት ወረቀቶች ይጻፉ። አንደኛው የተጓዦቹን ስም፣ መንገዱንና የመመለሻውን ቀን ይዞ ከቤተ ሰብ ዘንድ ይቀመጥ፤ ስልክ በብዙው ሸለቆ አይሠራምና። በሁለተኛው «አንዱ ከታመመ ሁላችንም እንወርዳለን፤ ማንም ፈሪ አይባልም» የሚል ውል ይፈረም። ይህ ውል ከተራራው ላይ ሳይሆን ከቤት መፈረም አለበት፤ ከላይ ሆኖ ኩራት ይናገራል፣ የታመመውም ባልንጀሮቹን እንዳያሳዝን ሕመሙን ይውጠዋል።

በመነሻው ዋዜማ ዕቅዱን ለሁሉም ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከአምስቱ አንዱ ዝም ካለ ዝምታውን እንደ ስምምነት አትቁጠሩት፤ ለብቻው ወስዳችሁ ጠይቁት።