ገበሬን ያወቁና ያላወቁ ፊልሞች

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ተቀምጦ ፊልም የሚያይ ሰው ከተዋናዩ ፊት በፊት እጁን ያያል። ገበሬ ነኝ ብሎ የቀረበው ተዋናይ እርፉን በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ከያዘ ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ። አራሽ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ እርፉን የሚጫነው እንደ መሬቱ ጥንካሬ ነው፤ በሬዎቹንም በስማቸው እየጠራ፣ ሲያሻው እያሞገሰ፣ ሲያሻው እየተቆጣ ያናግራቸዋል። ይህን ሳይማር ካሜራ ፊት የቆመ ተዋናይ የቱንም ያህል ቢያለቅስ፣ ዳጉሳ ሲያርም በርበሬ ሲለቅም ያደገ ተመልካች አያምነውም። አለማመኑም ልክ ነው።

የአማርኛ ፊልም ገበሬን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለሳቅ ነው። በአዲስ አበባ የፍቅር ኮሜዲዎች ውስጥ ከገጠር የመጣው ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ድንገት የተከሰተው ዘመድ አፉን ሲከፍት አዳራሹ እንዲስቅ ይጠበቃል። አነጋገሩም ጎጃምን እንዲመስል ይደረጋል። ጎጃም ግን የቅኔ አገር ነው። የዲማና የጎንጅ ጉባኤ ቤቶች ስንቱን ባለቅኔ አፍርተዋል፤ በምዕራብ ጎጃም መንደሮችም ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ተናግሮ ያልፋል። ፊልሙ ይህን ሰው አንድ ነገር እንኳ በቅጡ መናገር የማይችል አድርጎ ያቀርበዋል። በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ የጅጋ ወይም የደምበጫ ወጣት አብሮ ይስቅ ይሆናል፤ የሚስቀው ግን በአባቱ ነው።

ይህ አካባቢ የተሻለ እንደሚገባው ማስረጃው ከመንገዱ ዳር ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት በዛብህም የማንኩሳ ልጅ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሳ፣ ሰብለ ወንጌልን ከእናቷ በድምፅ ለይቶ አወቀ። ለብዙው የገጠር ሰው የመጀመሪያው ትልቅ ፊልም ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ምስሉን አድማጩ ራሱ ሠራው። በቅርቡ ልቦለዱ ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲሸጋገርም ከወጋየሁ ድምፅ ጋር መነጻጸሩ የማይቀር ነው። ከባድ ሚዛን ነው፤ ቢሆንም ተገቢ ነው።

በዚህ ሚዛን ላይ ወጥቶ የማይቀልል ፊልም ቢኖር የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ የቴአትር ጸሐፊ ነበሩ። አሜሪካ ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሡ ሊወርዱ ደርግም ሊነግሥ በተቃረበበት ሰሞን አገር ቤት መጥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች ቀረጸው። በ1968 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ሎካርኖ የብር ነብር ተሸለመ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይረዝማል፤ እርሻው የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ጊዜ ስለሚሰጠው ነው። ካሜራው ከበሬዎቹ ጋር ይሄዳል፤ ትልሙ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ባለ ርስቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ያዛል፣ ይሳደባል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ የባለ ርስቱን ላም ከደራሽ ውኃ ለማዳን ስትል ትሞታለች። ያን ጊዜ ፊልሙ ተመልካቹን ለማስለቀስ ሙዚቃ አይከምርም፤ አያስፈልገውምና።

ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት ሁሉ የሚበልጠው ከበበ ነው። ሰው ሁሉ እብድ የሚለው፣ ለአገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተቀማ ሰው ነው። ብዙ የሚናገረውም እሱ ነው፤ የሚናገረውም ሁሉ እውነት ነው። ሐዲስ ለጉዱ ካሳ የሰጡትን ቦታ ኃይሌ ለከበበ ሰጠው፤ ልዩነቱ ከበበ በመጨረሻ ዱላውን ማንሣቱ ላይ ነው። ገበሬን እንደሚያስብ ሰው የቆጠረ ፊልም ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ዓለምም ቢሆን የዚህ ዓይነት ፊልም ብዙ የለውም። የጣሊያኑ ኤርማኖ ኦልሚ «የእንጨት ጫማ ዛፍ» እ.ኤ.አ. በ1978 በካን የወርቅ ዘንባባ ሲሸለም ተዋናዮቹ የቤርጋሞ ገበሬዎችና የገጠር ሰዎች ነበሩ። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ጫማ ሲሰበርበት አባት ከባላባቱ መሬት አንድ ዛፍ ቆርጦ ጫማ ይሠራለታል፤ ለዚያች ዛፍ ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ከመሬቱ ይነቀላል። ጭሰኝነትን ያዩ የጎጃም አዛውንት ይህን ፊልም ያለ ትርጉም ይረዱታል።

የኃይሌ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ቬኒስ ላይ፣ በዓመቱ ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ላይ ተሸልሟል። ጀግናው አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። የጀርመኑ ክፍል ክርክር ይበዛበታል፤ ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ እንደ ስብሰባ ተናጋሪ ይሆናሉ። መንደሩ ግን ሕያው ነው፦ ልጇ ምን እንደነካው ያልገባት እናት፣ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተደበቁ ልጆች፣ መንደሩ ያገለላት አዛኑ። በደርግ ጊዜ ልጁ እንዳይታፈስበት ጫካ የደበቀ የቡሬ ወይም የወምበርማ አባት ለዚህ ምዕራፍ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅና የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ ታሪክ ነው። ጠለፋን የሚያወግዝ ፊልም ሽማግሌዎችን ጭራቅ ማድረግ ይቀለው ነበር፤ «ድፍረት» ግን ዛፍ ሥር ተቀምጠው እንዲከራከሩ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በዚህም ክሱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ስህተቱ የክፉ ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ ይታያልና።

ያም ሆኖ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ይበልጠዋል። በ2007 ዓ.ም. ወደ ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ጩኒ ከተባለች በጉ ጋር ዘመድ ቤት ይተዋል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል፤ ልጁ ማረስ አይሆንለትም፣ ወጥ መሥራት ግን ይችልበታል። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መገኘቱ በጎጃም ቤት ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው፤ የአጎቱ ቁጣ አንድም የተጋነነ ነገር የለበትም። ልጁ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ላይ ሲሸጥ ፊልሙ ለውጥን ያለ ስብከት አሳይቷል። አጎትየውም ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚመግበው ቤተሰብ ያለበት ገበሬ ነው።

ሎካርኖ ያየውንና በማርቲን ስኮርሴዚ ድጋፍ የታደሰውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የፍኖተ ሰላም ሰው በትልቅ መጋረጃ ማየት ይገባዋል። አንድ አዳራሽና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃል። ሲያልቅም መብራቱ ይብራና መጀመሪያ ይናገሩ የሚባሉት አራሾቹ ይሁኑ፤ እርፉ በትክክል ተይዞ እንደሆነ እነሱ ይፍረዱ።