እምቢ ያለ ዳዶ

ሳምንቱ እንዴት አለፈ? የኔን እንኳ አትጠይቁኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለው ነው። ከሰው ጋር ተጣልቼ አይደለም። እጄን የላጠው አንድ ዳዶ ነው። አዎ፣ የመኪና ጎማ ዳዶ! አትሳቁ… ነገሩ ከማሳቁ ይልቅ ማሳፈሩ ያይላል። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የማወራችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት

አትላስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፎቁ፣ ሆቴሉና ካፌው ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል ግን የቆርቆሮ በር ያላቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ መኪና የቆመባቸው ቤቶች አሁንም አሉ። የኛም ቤት ከነዚያ አንዱ ነው። መኪናችን አባታችን ሲያልፍ የተወልን ዲኤክስ ቶዮታ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች።

ያን ቀን እናቴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ሞራ ነው ብለዋታል። እናቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ በመርፌዋ ነው ያሳደገችን። አሁን ግን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ካቃታት ዓመት አልፏታል። ቀጠሮውን ለማግኘት ሁለት ወር ጠብቃለች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚያ መገኘት አለባት።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ብወጣ የኋላው ቀኝ ጎማ ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል። ምንም አልደነገጥኩም። ስኮርታ አለን፣ ክሪክ አለን፣ እኔ አለሁ! ታናሽ ወንድሜ «ታክሲ እንጥራላትና ጎማውን በኋላ እንቀይረው» አለኝ። «አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አልኩት።

ስለ ወንድሜ ትንሽ ልንገራችሁ። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ አውቶ መካኒክ ተምሯል፤ የሚሠራውም ጋራዥ ነው። እኔ ደግሞ 12ኛን ጨርሼ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ የቤቱ «ምሁር» ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሣው የኔ ስም ነው። ታዲያ ታላቅ ሆኜ ሳለሁ ታናሼ ስለ ጎማ ይምከረኝ? በጭራሽ!

መኪናዋን በክሪክ አነሣሁ። ሦስቱ ዳዶዎች እያቃሰቱም ቢሆን ወጡ። አራተኛው እምቢ አለ። መፍቻውን ረገጥኩት፤ ንቅንቅ የለም። ዘለልኩበት፤ ያው ነው። መኪናዋ ክሪኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ወንድሜ «ኧረ ተው፣ ትወድቅብሃለች! በኃይል አይሆንም፣ ዘይት ይጠጣ!» እያለ ይጮኻል። ማን ሰምቶት! በመጨረሻ በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ስጫነው አፉ የተበላው መፍቻ ሾለከና ጣቶቼ ከሲሚንቶው ጋር ተላተሙ። የዳዶው ማዕዘንም ተላጠ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሕክምና ካርዷን በፌስታል ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች። ደሙን ስታይ «በቃ ልጄ፣ ይቅርብኝ፣ ሌላ ቀን እሄዳለሁ» አለች። ሰዓቴን ባይ 2 ሰዓት ከሩብ! ያኔ ነው ታክሲ የተጠራው። ስትደርስ ተራዋ አልፎ ነበር። አዲስ ቀጠሮ ሰጧት… ከስድስት ሳምንት በኋላ።

እሷ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማነው ያጠበቀው?

ማታ ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ባትሪ አብርቶ ጎማውን አየና «ይሄን መጨረሻ ያሠረው ማነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ያሠርኩት እኔው ነኝ! የዛሬ ዓመት አካባቢ ጎማ ስቀይር እንዳይላላ ብዬ መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቼ፣ ቱቦው ላይ ቆሜ ነበር ያጠበቅሁት። ጎበዝ መስሎኝ!

ወንድሜ ወረቀት አምጥቶ አሰላልኝ። ለኛ ዓይነት ትንሽ ቶዮታ የጎማ ዳዶ የሚጠበቀው ወደ 100 ኒውተን ሜትር ነው። በቀላሉ ለመናገር 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 40 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። አንድ ጤነኛ ሰው በክንዱ ብቻ የሚችለው ነው። እኔ ግን 65 ኪሎ ሆኜ 75 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ጫፍ ላይ ቆምኩበት። ሲሰላ ከሚፈለገው ወደ አምስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም! እንዲህ ሲጨነቅ ቡሎኑ ይለጠጣል፣ ጥርሱ ይጣመማል። ከዚያ ክረምት ገባ፤ ጭቃውና ውኃው ተጨመረበት። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዳዶውና በቡሎኑ ጥርስ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን እንደ አንድ ብረት ያጣብቃቸዋል።

ስለዚህ ዳዶው «እምቢ» ያለኝ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። የሠራሁትን ነው የመለሰልኝ።

«እኔ መኪና የለኝ፣ ምን አገባኝ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆዩ! በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ቤት እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የአባቱን ወይም የአጎቱን አሮጌ መኪና የሚነዳ ወጣት ገና ብዙ ነው። ዳዶ ደግሞ በመኪና ብቻ አይወሰንም፤ በብስክሌት፣ በውኃ ቧንቧ፣ በአልጋም ላይ አለ። ዘዴው አንድ ነው።

ታዲያ እንዴት ይፈታል?

ወንድሜ በማግስቱ የምሳ ሰዓት ላይ ከጋራዡ ዕቃ ይዞ መጣ። እኔ ባትሪ ያዥ ሆንኩ። ያሳየኝን በተራ ላስቀምጥላችሁ።

1ኛ. ጎማው መሬት ላይ እያለ ጀምሩ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ሌላውን ጎማ በድንጋይ አስደግፉ። ዳዶው መጀመሪያ የሚላላው መኪናው ሳይነሣ ነው፤ ክሪክ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ገልብጬ ነው የሠራሁት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም!

2ኛ. አቅጣጫውን አረጋግጡ። ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ዳዶ ወደ ግራ ሲዞር ይላላል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። አንዳንድ የድሮ የጭነት መኪኖች ላይ የግራ ጎን ጎማዎች የተገላቢጦሽ ናቸው። «አልፈታ አለኝ» እያለ ግማሽ ቀን ሲያጠብቅ የሚውል ሰው አለ።

3ኛ. በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። ጭቃውና የላይኛው ዝገት ሳይነሣ ዘይት ብታፈሱ የሚጠጣው ጭቃው ነው።

4ኛ. አጠጡት፣ ጠብቁት። ለዝገት ማላቀቂያ የሚሸጡ የሚረጩ ዘይቶች አሉ። ከሌለ ነጭ ጋዝ ከትንሽ የሞተር ዘይት ጋር የተቀላቀለ ይሠራል። የቡሎኑ ጫፍ ከዳዶው ወጥቶ ከታየ እዚያ ላይ ጨምሩ። ዳዶው ቆብ ያለው ዓይነት ከሆነ ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ነው። ፍሬኑንና ጎማውን እንዳይነካ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሲጋራም ክብሪትም በሌለበት! ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከባሰም አንድ ሌሊት ይደር። የኛ ሰው የሚያቅተው ይቺ ናት… መጠበቅ። አፍስሶ ወዲያው መታገል ዘይቱን ማባከን ነው።

5ኛ. መታ መታ አድርጉት። በመዶሻ የዳዶውን ፊትና ጎን በመጠኑ ስትመቱት ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ ዘይቱም በስንጥቁ ይገባል። የሚደበደበው ግን ዳዶው ነው። የቡሎኑ ጫፍ ከተመታ ጥርሱ ይጠፋል፤ ያኔ ዳዶው ጨርሶ አይወጣም።

6ኛ. ልኩን ቁልፍ ያዙ። ለኛ መኪና 21 ቁጥር ነው። ዳዶውን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ቡሶላ፣ ውስጡም ስድስት ማዕዘን ያለው ቢሆን ይመረጣል። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ወይም እንደኔው አፉ የተበላ መፍቻ ዳዶውን የሚይዘው ጫፍ ጫፉን ስለሆነ ልጦት ይሾልካል።

7ኛ. መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፉት። እኔ ይሄን ሳይ ወንድሜ ያበደ መስሎኝ ነበር! ግን ዝገቱ በየትኛውም አቅጣጫ ይሰንጠቅ፣ ከተሰነጠቀ ተለያየ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ግራ። ሩብ ዙር ከሄደ በኋላ ቢከብድ አትታገሉት፤ መልሱት፣ ዘይት ጨምሩበት፣ እንደገና አምጡት።

8ኛ. ቱቦ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጀታው በሦስት እጥፍ ሲረዝም ጉልበታችሁም በሦስት እጥፍ ይጨምራል። ግን ቀስ ብሎ፣ ሳይዘሉ፣ እየጨመሩ መግፋት ነው። ቢሾልክ እጃችሁና ፊታችሁ የት እንደሚያርፍ አስቀድማችሁ እዩ። ይሄን እኔ በጣቶቼ ነው የተማርኩት።

እሳትስ? ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ጋራዥ ውስጥ በእሳት ያላቅቁታል። ቤት ውስጥ ግን ተዉት። ጎማ በተገጠመበት ቸርኬ ላይ እሳት መልቀቅ ጎማውን እንደ ቦምብ ሊያፈነዳው ይችላል። የተረጨውም ዘይት ይቀጣጠላል። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው።

የኔ ዳዶ ማዕዘኑ ስለተላጠ ሌላ ጣጣ ነበረው። ወንድሜ ዘይቱን ሌሊት አሳድሮ ነበር። በመጠኑ የሚያንስ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ እየመታ አስገደደው። ቱቦውን ሰካ። ቀስ እያለ ገፋ… ገፋ… «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተሰበረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወንድሜ ሳቀና «ተፈታ» አለኝ። ባይፈታ ኖሮ ዳዶው ተቆርጦ መውጣት ነበረበት። እንደዚያም ሆኖ ቡሎኑና ዳዶው አገልግሎታቸውን ጨርሰዋል፤ ሁለቱንም ከሶማሌ ተራ ገዝተን ቀየርናቸው።

መልሳችሁ ስታስሩ

እምቢተኛ ዳዶ የሚሠራው በሚታሰርበት ቀን ነው። ስለዚህ ጥርሱን በብሩሽ አጽዱት። ግራሶ ወይም ዘይት አትቀቡት፤ ሲያንሸራትት ሳታውቁት ከልክ በላይ ታጠብቁታላችሁ። መጀመሪያ በጣት አስገቡት፤ በጣት የማይገባ ዳዶ ጥርሱ ተጣሟል ማለት ነው። ከዚያ በመስቀል፣ ማለትም አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን። መኪናው መሬት ከነካ በኋላ በክንዳችሁ ብቻ አጥብቁ። ቱቦ የለም፣ መቆም የለም፣ መዝለል የለም! ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹት። ደብረ ዘይት ደርሳችሁ ስትመለሱ ልክ ነው።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱም «መጨረሻውን በእጅህ አጥብቅልኝ» በሉት። በአየር በሚሠራው መሣሪያ ድርግም አድርጎ ካጠበቀው መንገድ ላይ በማታ ጎማ ቢተነፍስባችሁ የሚታገለው ጎሚስታው አይደለም፣ እናንተ ናችሁ።

ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ… እነዚህ የጋራዥ ቃሎቻችን ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያኖች ዳዶ የሚሉት ይሄንን ብቻ አይደለም፤ ለቁማር የሚወረወረውንም ነው። እኔ ማክሰኞ ጠዋት የወረወርኩት የትኛውን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ያስያዝኩት የእናቴን ቀጠሮ ነበር።

ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። ቃሉ እንዲህ በቀላሉ የወጣ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም እንደ ዳዶው አንድ ሌሊት አድሮ ነው የወጣ። እሱ ግን «እማዬን ጠይቃት» አለኝ። ጠየቅኋት። «የዛሬ ስድስት ሳምንት ታክሲ በጊዜ ጥራልኝ» አለች። እጠራለሁ። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር ላይ ይቆማል።

እስከዚያው ማታ ማታ ለሷ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ነኝ። በነዚህ በተፋሹ ጣቶች ሲታገሉት ቀላል አይደለም። ግን እያስለመደኝ ነው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!